የእናቴ ሁለተኛዋ ወፍ

እናቴ ትታቸው ከሄደቻቸው ዕቃዎች አንዱ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም፤ ብስኩቱ ከተበላ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ውስጡ ግን ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ የዛገ መርፌና ውሉ የጠፋ ክር ሞልቶበታል። የእኛው ቆርቆሮ ታች፣ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ፣ አንድ ያላለቀ ጥልፍ ነበረበት። የረከቦት መሸፈኛ ነው። ከነጩ ጨርቅ መሃል የጽጌረዳ እቅፍ፣ ከአበባው በስተግራ ምንቃሯን ወደ ጽጌረዳው የዘረጋች ቀይ ወፍ። በስተቀኝ ፊት ለፊቷ መቆም የነበረባት ሁለተኛዋ ወፍ ከጅራቷ እስከ ደረቷ ተሠርታለች። አንገት የላትም።

እናቴ ምሥራቅ ወለጋ፣ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህርት ነበረች። የሰው ልጅ ሁሉ ከእሷ ጥልፍ፣ ዳንቴልና ቁልፍ መትከል ተምሯል። እኔ አልተማርኩም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ "ነይ፣ አንድ መስመር ብቻ ላሳይሽ" ብትለኝ "ይሄ ምን ያስገኛል?" አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቢዝነስ ማኔጅመንት መማር ስጀምር ያንኑ ጥያቄ በሠለጠነ ቋንቋ ማቅረብ ቻልኩ፤ "ገበያ የለውም እኮ እማዬ" አልኳት። አልተቆጣችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ያቺን የክር መበጠስ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ቆርቆሮውን ነቀምቴ ወደሚገኘው ቤቴ አምጥቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አንድ ጊዜ አውርጄው ነበር። ስልክና ኢንተርኔት የሌለው የማርኬቲንግ ሠራተኛ ምን ያህል ሥራ ፈት እንደሚሆን እናንተ አስቡት። ሻሹን ፈታሁ፣ አንገት የሌላትን ወፍ አየሁ፣ መልሼ ጠቀለልኩት። ሦስት ደቂቃም አልፈጀ።

ነገሩን ያስጀመረኝ የአዳዳ ዓይን ነው። አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው፤ በእኛ አገር የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። እናቴ ለቤተሰቡ በሙሽርነት ስትመጣ ጥልፍ የያዘች ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠልፈዋል። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ኑኑ ስሄድ የግራ ዓይናቸው በሞራ ግርዶሽ ደብዝዞ፣ የቀኙም እየተከተለው ነበር። ኦፕራሲዮን እንዲያደርጉ ብንለምናቸው "የቡናው ለቀማ ይለፍ" ይላሉ። እኔን ግን ሌላ ስጋት ያዘኝ። የእናቴን እጅ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። አዳዳ መርፌ ማየት ካቆሙ ያቺ ወፍ ያለ አንገት ትቀራለች።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩ። አዳዳ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ መልሰው አጠፉትና ከራስጌያቸው ሥር ከተቱት። "ይሄንን አሁን አትነኪውም" አሉኝ። ከጓዳ ቡና የተጓዘበት አሮጌ ጆንያ አምጥተው አንድ ክንድ ያህል ቀደዱልኝ፤ ከዚያ ወፍራም የሹራብ ክር ሰጡኝ።

የጆንያ ጥቅሙ ሲገባኝ ቆየ። ድርና ማጉ በዓይን ይቆጠራል፤ ቀዳዳውም መርፌ ይመራል። መስቀለኛ ጥልፍ እንደ ሌላው ጥልፍ በእርሳስ ተስሎ የሚሞላ አይደለም፤ በቆጠራ ነው የሚሠራው። እያንዳንዷ መስቀል አንዲት ትንሽ ካሬ ትሸፍናለች፤ ሥዕሉ የሚወጣው ከካሬዎቹ ቁጥር ነው። መሶብ ስትሰፋ ያደገች ሴት ይሄ አያስቸግራትም፤ አለላውን ስንት ጊዜ ጠምጥማ ቀለም እንደምትቀይር ጣቷ ያውቀዋል። እኔ በየሩብ ዓመቱ የሽያጭ ሪፖርት በመቶኛ የማቀርበው ሴትዮ ግን አሥራ አንድ ላይ ደርሼ ይጠፋብኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አዳዳ "ለካኢ!" ይላሉ፤ ቁጠሪ ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ስልኬን ከእህል ማስቀመጫው ጎን ወሰዱት።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። መርፌው ከካሬው ታች ግራ ጥግ ወጥቶ ላይ ቀኝ ጥግ ይገባል፤ ይሄ መሄጃው ነው። መስመሩን እንዲህ ጨርሶ ሲመለስ ከታች ቀኝ ወጥቶ ላይ ግራ ይገባል፤ መስቀሉ ተዘጋ ማለት ነው። ክር ሲጀመር አይቋጠርም፤ ቋጠሮ ከፊት በኩል እንደ ብጉር ያብጣል። ጫፉን ከጀርባ ይዞ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ስፌቶች በላዩ ማለፍ ነው፣ ራሳቸው ያስሩታል። ሥዕል የሚጀመረውም ከጥግ ሳይሆን ጨርቁን ለአራት አጥፎ ከሚገኘው መሃል ነው፤ ያለዚያ መጨረሻ ላይ ወፏ ከጨርቁ ውጭ ትበራለች። አዳዳ ደጋግመው የነገሩኝ ግን አንድ ነገር ነበር፦ "መመለሻው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይተኛ። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከተኛ በነፋስ የተመታ ጤፍ ይመስላል።" ይሄን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መርፌው ራሱ ትምህርት ነበረው። የገዛሁት ሹል ስለነበር ቀዳዳውን ትቶ ክሩን ይሰነጥቃል። አዳዳ ጫፉን የቢላ መሳያ ድንጋይ ላይ አሽተው አደነዙልኝ። ለቆጠራ ጥልፍ የሚፈለገው ደነዝ መርፌ ነው፣ ቀዳዳውን ፈልጎ የሚገባ። በኋላ ከአዲስ አበባ በባልደረባዬ በኩል ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መርፌና "አይዳ" የሚባለውን ጨርቅ አስመጣሁ። አይዳ ለቆጠራ ጥልፍ ተብሎ በካሬ በካሬ የተሸመነ ጥጥ ነው፤ የተለመደው ዓይነት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 14 ካሬ አለው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየችው የቨርዲ ኦፔራ ጋር ሞክሼ ነው፤ የኦፔራዋ አይዳ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ይህን ለአዳዳ ስነግራቸው "እና ጥልፍ ታውቃለች?" አሉ።

ከጆንያው ወደ አይዳ ስሻገር የክር ጣጣ መጣ። ክር ክር ነው ብዬ ነበር የማስበው። የስፌት መኪና ክር ሞከርኩ፤ ቀጭን ስለሆነ ካሬውን አይሸፍነውም፣ ወፏ ላባዋ የረገፈ ዶሮ መሰለች። ሽሮ ሜዳ ለሐበሻ ቀሚስ ጥለት የሚያዩትን አንጸባራቂውን ሳባ ሞከርኩ፤ ውበቱ ውበት ነው፣ ግን እንደ እባብ ይንሸራተታል፣ ጫፉም ይበተናል። አዳዳ ከአንድ ስንዝር ተኩል በላይ እንዳልቆርጠውና ጫፉን በውሃ ነካ እንዳደርገው ነገሩኝ። ራሳቸው በእንዝርት የፈተሉትን ጥጥ ሲሰጡኝ ደግሞ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይሳሳል፣ ጸጉር ያወጣል። ለእሱ መላው ሰም ነው። ማር ሲጣል የተረፈ አንድ እፍኝ ሰም ሁልጊዜ ከመርፌያቸው አጠገብ አለ፤ ክሩን አንዴ ይስቡበታል፣ ጸጉሩ ይተኛል። "የእናትሽን ክር ግን ሰም እንዳታስነኪው፣ ወዙን ይገድለዋል" አሉኝ።

የእናቴ ክር ሌላ ነው። ከቆርቆሮው ውስጥ አንድ ጥቅል ከነወረቀቱ ተገኝቷል፤ ዲ.ኤም.ሲ. ይላል፣ ቁጥሩም 321። የጥልፍ ሰዎች ይሄንን ስም ከቀለም ስም ይበልጥ ያውቁታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1746 ሙሉዝ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የተመሠረተ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው። 321 ቀዩ ነው፣ 310 ጥቁሩ። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ሲሆን ክሩ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው የተሠራ ነው። ስድስቱን እንዳለ አይጠልፉበትም፤ ይለያያሉ። እኔ ሁለቱን ባንዴ ልስብ ስል ሁሉም ተተበተበ። አዳዳ ወስደው አንዷን ብቻ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ሳቧት፤ ሌሎቹ ተሰበሰቡና መልሰው ተዘረጉ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን አጣምረው መርፌ ውስጥ አስገቡ። እናቴ በሁለት ክር እንደሠራች ያወቁት ከጀርባ በኩል አንድ ጫፍ በጣታቸው ፈልቅቀው ነው፤ በዓይናቸውማ አላዩትም።

አንድ ሌላ ነገርም አስጠንቅቀውኝ ነበር። "ቀይን አትመኚ። ማንኛውንም ቀይ ክር መጀመሪያ አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ ጭመቂው። ነጩ ከቀላ ክሩን ለሌላ ነገር አድርጊው።" እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ጥር ላይ ጨርቁን ከራስጌያቸው አውጥተው ሰጡኝ። እናቴ ንድፉን የሣለችው በሒሳብ ደብተር፣ በካሬው ላይ፣ በቀይና በአረንጓዴ እርሳስ ነው። የቀረውን ቆጠርኩት፤ አንገት፣ ጭንቅላት፣ ምንቃርና የአንድ ክንፍ ጫፍ፣ በጠቅላላው 640 መስቀል ነው። ነቀምቴ ማታ ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ እሠራ ጀመር። መጀመሪያ ላይ በሰዓት አርባ መስቀል ከሠራሁ ጎበዝ ነበርኩ። በሁለት ሳምንት አንገቷ አለቀ፤ ጠዋት ከመስኮቱ አጠገብ ዘርግቼ ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። የእናቴ ደረትና የእኔ አንገት አንድ ቀለም አይደሉም። የእሷ ብሩህ ነው፣ የእኔ ጠቆር ያለ። የሁለት ወፍ ቁራጭ የተሰፋ ይመስላል።

ክሩ ነው አልኩ። የእሷ አርጅቶ ፈዟል፣ ወይ የኔው ጥቅል ተበላሽቷል። ቁጥሩ ያው 321፣ ጥቅሉም ከእሷው ቆርቆሮ የወጣ መሆኑን እያወቅኩ ነው እንግዲህ። ሰው አንዴ ምክንያት ካገኘ ማስረጃ አይፈልግም፤ በሥራዬም ይሄን አይቻለሁ። ሽያጭ ሲቀንስ መጀመሪያ የምንወነጅለው ማስታወቂያውን ነው። ሁለት ሳምንት የሠራሁትን ተረተርኩ፤ ከአንድ ሱቅ ወረቀት የሌለው፣ ፈካ ያለ ቀይ ክር ገዛሁ፤ ሳልሞክረው ጠለፍኩበት። አሁንም አልተስማማም። ባጥበው ይዋሃድ ይሆናል ብዬ ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት።

ከደቂቃዎች በኋላ ውሃው የካርካዴ ሻይ መሰለ። ሐምራዊው ቀለም ከአንገቷ ተነስቶ በእናቴ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲሄድ አየሁት። ያለ ጫማ ሳሎን ቆሜ ለአዳዳ ደወልኩ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ምን እንደነገርኳቸው አላስታውስም። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ደርቋል?"

"አልደረቀም።"

"እንዳታደርቂው። ካውያም እንዳይነካው። ሙቅ ውሃውን ድፊና ቀዝቃዛ አድርጊ፤ ውሃው ነጭ እስኪሆን ለውጪ። አትሺው፣ ተይው ራሱ ይልቀቅ።"

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን ደግሞ ተራችን አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ቃል ሳይናገር የሁለት ቀን ውሃ ያለበትን ጀሪካን አንድ በአንድ አቀበለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ለወጥን። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ውሃው ጠራ። ከአንገቷ ሥር የቀረው እንደ ጉንጭ መቅላት ያለ ደመና ነው፤ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አይታይም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚታየኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኑኑ ገባሁ። አዳዳ በር ላይ ተቀመጡና ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፣ ቀጥለው ወደ ሌላው ጎን። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ደረቱን ዳበሱ፣ አንገቱንም ዳበሱ።

"ክሩ አይደለም" አሉ። "እጅሽ ነው። እናትሽ ግራኝ አልነበረች?"

አልነበረችም አልኩ። በሰሌዳ ላይ በቀኟ ስትጽፍ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በቀኟ ትጎርሳለች፣ በቀኟ ትጨብጣለች። አዳዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ልጅ ሳለች በግራዋ እርሳስ ስትይዝ ተማሪ ቤት እጇን እየመቱ አስትተዋታል፤ በግራ መብላትማ ቤትም አይፈቀድም። መርፌ ግን ማንም አላየባትም። ስለዚህ በመርፌ ግራኝ ሆና ቀረች። መሄጃዋ የእኔ መመለሻ፣ መመለሻዋ የእኔ መሄጃ ነው። ከላይ የሚተኛው ክሯ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የእኔ ወደ ግራ። የዲ.ኤም.ሲ. ጥጥ ወዝ ስላለው ብርሃን የሚመልሰው በተኛበት አቅጣጫ ነው፤ አንድ ክር በሁለት አቅጣጫ ሲተኛ ሁለት ቀለም ይመስላል። ሳባ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር።

ከሃያ ዓመት በላይ አብሬያት ኖሬያለሁ። ያቺ በረንዳ ላይ በየቀኑ አልፌያታለሁ። መርፌውን በየትኛው እጇ እንደምትይዝ አላየሁም። ለዚህ ምን እንደምላችሁ አላውቅም፤ አዳዳም ምንም አላሉኝም፣ ቡና ሊቆሉ ተነሱ።

እንደገና ተረተርኩ። ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው። በራሷ 321፣ መሄጃውን ከታች ቀኝ ጀምሬ ወደ ላይ ግራ፣ መመለሻውን ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ። መርፌውን በግራ እጄ ለመያዝ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው መስቀሉን ገልብጦ መዝጋት ብቻ ነው። ጣቴ ግን በአምስት ወር የለመደውን እንቢ ይላል፤ ትንሽ ሐሳቤ ከሸሸ ወደ ራሱ ይመለሳል። በየመስመሩ ለራሴ "በእማዬ፣ በእማዬ" እያልኩ ነው የጨረስኩት። ልጄ ሰምታ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትደግመዋለች።

በመሃል አንድ ምሽት የድሮው ልማዴ ተነሳና ዋጋ አሰላሁ። መሸፈኛው በሙሉ 9,000 ያህል መስቀል አለው። የሠለጠነ እጅ በሰዓት 120 ቢሠራ 75 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዘጠኝ የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው። በእኔ ደመወዝ በሰዓት ሳባዛው ያወጣሁትን ብር ማንም ለረከቦት መሸፈኛ አይከፍልም። ስለዚህ ለእናቴ የነገርኳት ነገር ስህተት አልነበረም፤ እውነትም ገበያ የለውም። ይህን ለአዳዳ ስነግራቸው "መቼ ሊሸጥ ተሠራ?" አሉኝ። ለማን እንደተሠራ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "አንቺ ቤት ስትመሠርቺ ቡና የምታፈዪበት ነው። ቀድመሽ እንዳታዪው ነው ቆርቆሮ ውስጥ የምትደብቀው።"

በግንቦት መጨረሻ ጨርሼ ይዤ ሄድኩ። የአዳዳ የቀኝ ዓይን እስከዚያ ድረስ ቆይቶ ነበር፤ የግራው ኦፕራሲዮንም ቀጠሮ ተይዞለታል። ጨርቁን ከፊት በኩል አላዩትም። የፍልስጥኤም ሴቶች ጥልፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ እነሱም የጥልፍን ጥራት ከጀርባው ይለካሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና ሳቄ መጣ። አዳዳ ገለበጡት፣ አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት፣ ከምንቃሯ እስከ ክንፏ በጣታቸው ሄዱበት።

"እዚህ ጋ ዘለሻል" አሉ፤ አንድ ረጅም ክር ከጥቁሩ ዓይን ወደ ምንቃሩ በጀርባ ተጎትቶ ነበር። "ሲታጠብ በጣት ይያዛል። መቀስ ስጪኝ።"

መቀሱን ሰጠኋቸው። ቆረጡት፣ ጫፉን በመርፌ ከጎኑ ስፌቶች ሥር ደበቁት። ከዚያ ጨርቁን አገላብጠው ሲኒዎቹ ላይ ጣሉት፣ ሐምራዊዋ ደመና ወደ እኔ ዞራ።

"ጀበናው ገንፍሏል፣ ተነሺ" አሉኝ።